ውሃው በማን ማሳ ይለፍ?

አያ ፈንታውን በደንብ ያወቅኋቸው አንድ ትልቅ ስሕተት ከሠራሁ በኋላ ነው። ስሕተቱን በታይፕ አስመትቼ፣ ማኅተም አስደርጌበት፣ በሦስት ቅጂ ወደ ወልድያ ልኬዋለሁ። ያኔ መርሳ ላይ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ስሜ በላይ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፣ ዕውቀቴ የዘጠኝ ወር ኮርስ። ገበሬው የሚያውቀውን መልሼ ለገበሬው እንዳስተምር መንግሥት ደመወዝ ይከፍለኝ ነበር።

ገርቢ ከመርሳ ወደ ተራራው በኩል የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። የገርቢ ወንዝ ከደጋው ተንደርድሮ ይወርድና ሜዳው አፋፍ ሲደርስ ረገብ ይላል። ገበሬዎቹ እዚያ ላይ ጠልፈው በቦይ ወደ ማሳቸው ይወስዱታል። ይህን ውሃ በተራ የሚያከፋፍል፣ ቦይ ጠረጋ ሲደርስ ሰው የሚጠራ፣ ውሃ የሰረቀውን የሚቀጣ አንድ ሰው አላቸው። የውሃ አባት ይሉታል። ሹመቱ ከመንግሥት አይደለም፤ ከቦዩ የሚያጠጡት ሁሉ ተሰብስበው ይመርጡታል። አያ ፈንታው ደሳለኝ የተመረጡት በ1969 ዓ.ም. ነው።

ቀጭን ሰው ነበሩ። ሲያነጋግሯችሁ ፊታችሁን አያዩም፤ የቆማችሁበትን መሬት ያያሉ። መጀመሪያ ላይ የናቁኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። ከአዋጁ በፊት ጭሰኛ ነበሩ፤ የሰው መሬት እያረሱ ምርቱን ሲያካፍሉ ኖረው፣ በ1967 መሬት ለአራሹ ሲሆን ከቦዩ ራስ አጠገብ አንድ ጥማድ ተኩል ደረሳቸው። የውሃ አባት በሆኑ በመጀመሪያው ዓመት የገዛ ወንድማቸውን ውሃ ሲሰርቅ ይዘው ሁለት ተራ ዘጉበት። ወንድማቸው ለዓመታት አላነጋገራቸውም። የታረቁት በ1977 ነው፤ በዚያ ዓመት ለመኮራረፍ አቅም ያለው ሰው አልነበረም። አያ ፈንታውና ባለቤታቸው እትዬ ማሚቴ በዚያ ዓመት ሁለት ልጆች ቀበሩ። የተረፈችላቸው ትልቋ ልጃቸው የሺ ብቻ ናት።

ከረሃቡ በኋላ እህል በመኪና እየተጫነ ይመጣ ጀመር። በነጻ መስጠት ሰውን ያሰንፋል ተባለና ምግብ ለሥራ የሚባለው ነገር መጣ። ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ስንዴና ዘይት ይሰፈርለታል። ለገርቢ ደግሞ በሲሚንቶ የተገነባ ጠለፋ፣ ማለትም ወንዙን ገድቦ ውሃውን ወደ ቦዩ የሚመልስ ግንብ፣ ይሠራላት ተባለ። ጥናቱን እንዳቀርብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ጥናት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት ገጽ ቅጽ ነው። ገርቢ ወጥቼ ገበሬውን ሾላው ሥር ሰበሰብኩና ጠለፋችሁ በየዓመቱ ይፈርሳል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አዎ አሉኝ። መልሶ ለመሥራት ስንት ሰው ስንት ቀን ይፈጃል አልኩ። ነገሩኝ። ማባዛት ስለምችል አባዛሁና፣ «በየዓመቱ በጎርፍ እየፈረሰ አራት መቶ የሥራ ቀን ያባክናል» ብዬ ጻፍኩ።

የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ «ፕሮጀክቱ በአካባቢው ላይ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳትና መከላከያው» የሚል ነበር። ስድስት መስመር ባዶ ቦታ ተትቶለታል። እኔ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ።

በዚያው ዓመት መንደር ምሥረታም ገርቢ ደረሰ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይስፈር ተባለ። ከአውራጃው የመጡት ጓዶች ቦታ ሲመርጡ ለጥ ያለ፣ ገመድ ለመዘርጋት የሚመች መሬት ነበር የፈለጉት። ከቦዩ በታች ያለው ግጦሽ ለዚህ ተስማማቸው። እንዲህ ያለ የተመቸ ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ ለምን ማንም ቤት እንዳልሠራ የጠየቀ የለም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አማን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይኼ ቦታ ውሃ ይተኛበታል ብሎ ነበር። አብዮቱ ወደፊት ሲሄድ አንዳንዱ ወደኋላ ይጎትታል የሚል መልስ ተሰጠው። አማን ሁለተኛ አላነሣውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላነሣውም ነበር። ስልሳ አራት ቤት በቀጥታ መስመር ተሠራ። የሺ ባሏንና ሕፃኗን ይዛ ከላይኛው መስመር ሦስተኛው ቤት ገባች። የአያ ፈንታው ጎጥ ተራ ለሚቀጥለው ዓመት ተያዘ።

የግንቡ ሥራ በ1979 ተጀመረ። መሐንዲሱ ሃብተሥላሴ የወልድያ ልጅ ነው፤ አባቱ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ላይ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ከዚያ በፊት እንደማውቃቸው መሐንዲሶች አይጮህም፤ ድንጋይ ሲያቀብሉ አብሮ ያቀብላል። በሚያዝያ ግንቡ አለቀ፤ ቦዩም በእጥፍ ሰፋ። የቀረው የቦዩን አፍ የሚዘጋው የብረት በር ብቻ ነበር። በሩ መጀመሪያ መርከብ ላይ ነው ተባለ። ቀጥሎ አሰብ ደርሷል ተባለ። ከዚያ ወረቀቱ አላለቀም ተባለና ወሬው ቆመ። ለምረቃው ግን እንግዳ ተጠርቶ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ አያ ፈንታው መርሳ ድረስ ወርደው ቢሮዬ መጡ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ከተጠያየቅን በኋላ የቢሮዬን ወለል እያዩ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ሰኔ ሚካኤል ደረሰ» አሉ። «ይኼን ግንብ በምንድን ነው የምናፈርሰው ብዬ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

እኔ ሣቅሁ። ግንቡ የተሠራው እንዳይፈርስ መሆኑን ነገርኳቸው።

«እሱማ ገብቶኛል» አሉ። «ታዲያ ደራሹ ሲመጣ ወዴት ይሂድ?»

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። የእንጨትና የድንጋይ ጠለፋቸውን የሚያፈርሰው ጎርፍ አይደለም። በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ሲያልፍ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወንዝ ዳር ይወጣና በገዛ እጁ ያፈርሰዋል። ግንዱ ለመስከረም ተመልሶ እንዲያገለግል አንድ በአንድ ይነቀልና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይከመራል። የቦዩ አፍ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ሴቶቹ ንፍሮ ያመጣሉ፤ ተበልቶ ይበተናል። ክረምቱን ወንዙ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ቦዩ ደርቆ ይከርማል። ጠለፋው ቆሞ ሳለ ደጋው ላይ ዘንቦ ደራሽ ጎርፍ ከወረደ ግን ውሃው ከፍ ይልና ወንዙን ትቶ ቦዩን ይከተላል። ቦዩ ደግሞ ከሜዳው በላይ ተረተሩን ታክኮ ነው የሚሄደው። ከቦዩ ሞልቶ የሚወጣ ውሃ የሚወርደው ሜዳው ላይ ነው። ሜዳው ላይ አሁን ስልሳ አራት ቤት አለ።

እኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው፤ ወሩን የምከርመው ወልድያ ሪፖርት ስጽፍ ነው። ስጠይቃቸው ለምን አልነገሩኝም ብዬ ለመናደድ ሞከርኩ። ግን ማን እንደሚያፈርሰው አልጠየቅሁም። እነሱም እዚያ አገር ልጅ አዋቂው የሚያውቀውን ነገር ደብተር ይዞ ለመጣ የመንግሥት ሠራተኛ መንገር ሰውየውን መድፈር ይመስላቸዋል። ከዘጠኝ ወር ኮርሴ ጋር መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ሦስታችን ግንቡ ላይ ተገናኘን። ሃብተሥላሴ ደብተሩን አወጣ። ከኮምቦልቻ ያስመጣውን የአሥራ ሁለት ዓመት የዝናብ ቁጥር ይዞ አስልቶታል። በሩ እስኪመጣ ድረስ ቦዩ ሞልቶ ትንሽ ይፈስ እንደሆነ እንጂ ቤት የሚነካ ውሃ አይመጣም። ይህን ሁሉ ለአያ ፈንታው በትዕግሥት አስረዳቸው። እሳቸው እስኪጨርስ ጠበቁትና አንድ ጉድጓድ አብሯቸው ሄዶ እንዲያይላቸው ለመኑት።

ጉድጓዱ የየሺ ሽንት ቤት ነው። በመንደር ምሥረታው እያንዳንዱ አባወራ ሽንት ቤት እንዲቆፍር ታዝዞ ስለነበር በየቤቱ ጓሮ ጉድጓድ አለ። ሰዉ ግን እንደ ልማዱ ጫካ ነው የሚሄደው፤ ጉድጓዶቹ ንጹሕ ናቸው። አያ ፈንታው የተጋደመውን እንጨት አነሡና ግድግዳውን እይ አሉት። መሐንዲሱ መጀመሪያ ጎንበስ አለ፤ ቀጥሎ ተንበረከከ፤ በመጨረሻ በሆዱ ተኝቶ አንገቱን አስገባ። የሺ ሕፃኗን አዝላ ቆማ፣ አንድ የተማረ ሰው ሽንት ቤት ውስጥ ምን እንደጠፋው ግራ ገብቷት ታየዋለች።

ግድግዳው ላይ ጥቁር አፈር አለ፤ ከሥሩ የወንዝ ጠጠር፤ ከዚያ ደግሞ ጥቁር አፈር፤ ደግሞ ጠጠር። አንዱ መደዳ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ አለበት። አምስት ጊዜ ይደጋገማል። አያ ፈንታው የላይኛውን ጠጠር በበትራቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ ይኼ የ1958 ነው አሉ። እትዬ ማሚቴን ያገቡበት ዓመት ነው። የዚያን ጊዜው የውሃ አባት ታምመው ጠለፋውን የማፍረሱ ሥራ ሲጓተት፣ በሐምሌ መግቢያ ላይ ደራሹ ቀደማቸው። ከዚህ ሜዳ ላይ አምስት ቤትና አሥራ አንድ ሰው ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ከብት እንጂ ሰው አላደረበትም።

«ከሥሩ ያሉትን እኔ አላውቃቸውም፤ አባቴም አያውቃቸውም» አሉ። «መምጣታቸውን ግን ይኸው ታያለህ።»

ሃብተሥላሴ ተነሥቶ ሸሚዙን አራገፈ። «የእኔ ቁጥር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው» አለ። ተምሮ እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ስላላጋጠመኝ ያን ቀን ወደድኩት።

ምን ማድረግ እንደሚቻል እዚያው ቆመን ተነጋገርን። ግንቡን ማፍረስ አይታሰብም። መንደሩን ማንሣት የሚለውን ጮክ ብሎ ለማሰብም የሚደፍር አልነበረም። የቦዩን አፍ እንደ ድሮው መድፈን ይቻላል፤ ግንቡ ግን ውሃውን ከፍ ስለሚያደርገው ድፍኑን ዘልሎ ይመጣል። የቀረው አያ ፈንታው ሲያስቡበት የከረሙት ነው። ቦዩ ከመንደሩ በላይ ከመድረሱ በፊት አንድ ቦታ ላይ ዳርቻውን ዝቅ ማድረግ፣ ዝቅ ያለውን በድንጋይ መንጠፍ፣ ከዚያ ሰፊ ማፋሰሻ ቆፍሮ ውሃውን ከማሳዎቹ ግርጌ ወዳለው አሮጌ ገደል መምራት። ደራሹ መውጫ ካገኘ በዚያ ይወጣል፤ መንደሩ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ሃብተሥላሴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የሺ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በእርሳስ ሣለው።

እስካሁን ያወራሁላችሁ ቀላሉን ነው። ጉዳቱ ታውቋል፣ መከላከያውም ተገኝቷል። ብዙ ሪፖርት እዚህ ላይ ያበቃል። ውሃ ግን ከመንደር ዞር አለ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ያልፋል።

አማን ስብሰባ ጠራ። ከቦዩ የሚያጠጡት ሁሉ ሾላው ሥር ተቀመጡ። ማፋሰሻው ይቆፈር የሚለው በአንድ ድምፅ አለፈ፤ እንዲያውም ለምን እስካሁን ቆየ ተባለ። በየት በኩል የሚለው ሲመጣ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ተዳፋቱ በሚፈቅደው ቦታ ላይ ማሳ ያላቸው ስድስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የብርቱካን ችግኙን ቆጠረ። አንዱ አፈሩ ልል ስለሆነ ውሃው ገደል ያበጅበታል አለ። ሌላው ማሳውን ባለፈው ዓመት በፍግ እንዳደለበው አስረዳ። ሁሉም ጎረቤቱ ማሳ ለማፋሰሻ የተፈጠረ መሆኑን እንጂ የራሱ የሚሆንበትን ምክንያት አላገኘም።

ስብሰባ ብዙ አይቻለሁ። ማንም ሳይወስን ነገር ሲወሰን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ስሟን የጠራ የለም፤ ወሬው ግን እየተንሸራተተ ወደ አሚና ማሳ ሄደ። አሚና ባሏን ረሃቡ የወሰደባት ሴት ናት። ሦስት ልጅና ግማሽ ጥማድ አላት። ከሴቶቹ ኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ምንም አልተናገረችም። ሌሎቹ ሁሉ ስለተከራከሩ፣ ያልተከራከረው ማሳ የተስማማ መሰለ። ሃብተሥላሴም በመሣሪያው ያየው ያንኑ ነው፤ መሬቱ ለስላሳ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ሥራው አጭር። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ከቅጹ ይልቅ ይኼ ነው።

አያ ፈንታው ያን ጊዜ ተነሡ። ሠላሳ እርምጃ ወደ ላይ ብትወስደውስ ብለው መሐንዲሱን ጠየቁት። እዚያ ቋጥኝ አለ፤ ሥራው በአራት ቀን ይረዝማል አላቸው። አይቻልም ወይ አሉት። ይቻላል አለ።

«እንግዲያው እዚያ ይሁን» አሉ። «የእኔ ነው።»

አማን እጁን አነሣ፤ ድምፁ የሊቀመንበር ሳይሆን የልጅ ድምፅ ነበር።

«አያ ፈንታው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሕጉን ያውቁታል። ከቦዩ የማያጠጣ ሰው የውሃ አባት አይሆንም። በውሃው ስብሰባም ላይ አይናገርም።»

ሰፊው ማፋሰሻ የአያ ፈንታውን ማሳ ጨርሶ ይወስደዋል፤ ሕጉ ደግሞ የቆየ ነው። ውሃ ሲጎድል የማይጎድልበት ሰው በውሃ ላይ እንዳይፈርድ ተብሎ ነው የወጣው። አማን በምትኩ መሬት ሊሰጣቸው ይችላል፤ የተረፈው ግን ተራራው ወገብ ላይ ያለው ዝናብ ጠባቂ መሬት ብቻ ነው። ከቦዩ ሥር አንድ ክንድ ትርፍ የለም።

«አውቃለሁ» አሉ አያ ፈንታው። «ለአንተም የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

በበነጋው ይቅርታ ልጠይቅ ይሁን ላጽናና ሳይገባኝ ወደ ማሳቸው ሄድኩ። እትዬ ማሚቴ ያልደረሰውን ሽንኩርት ብቻቸውን ይነቅላሉ። ከባላቸው ጋር መነጋገር ካቆሙ አንድ ቀን ሆኗቸዋል፤ ሁሉንም እኔ ላይ አወረዱት።

«አንተ ነህ አሉ የጻፍከው» አሉኝ። «የጻፍከው አንተ፣ የገነባው መንግሥት፣ ቤቱን እዚያ ያስደረደረው ካድሬ። ማሳው የእኔ። ልጆቼን ቀብሬ ስመለስ በእግሬ ያቆመኝ ይኼ ማሳ ነው። የአንተ ማሳ የታለ?»

ጎንበስ ብዬ አብሬያቸው ሽንኩርት ስነቅል እስከ እኩለ ቀን ቆየሁ። አልከለከሉኝም፤ አላመሰገኑኝምም። ማታውን መርሳ ተመልሼ፣ ባለፈው ዓመት «የለም» ብዬ የጻፍኩት ስሕተት መሆኑን የሚገልጽ ስድስት ገጽ ጻፍኩና ወደ ወልድያ ላክሁ። አለቃዬ በስልክ አስጠርቶ አሞሃል ወይ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ወረቀቱ የሰማሁት የለም።

ቁፋሮው ተጀመረ። አያ ፈንታው በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላው መጥረቢያ ለማንሣት እንዳይሳቀቅ፣ ሦስቱን የብርቱካን ዛፎቻቸውን ራሳቸው ቆረጡ። ሰባ ሰው ቋጥኙን በእሳት እያጋለ፣ ውሃ እየደፋ፣ በመዶሻ እየፈለጠ አወጣው። እንግዶቹ መጥተው ግንቡን መርቀው ሄዱ፤ ማፋሰሻው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በሰኔ ማብቂያ ሥራው አለቀ። የቦዩም አፍ በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ። ሃብተሥላሴ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ።

ሐምሌ በሰላም አለፈ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን እኔ ለማዳበሪያ ምዝገባ ገርቢ ነበርኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ መንደሩ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ደጋው ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ውሏል። አያ ፈንታው ከላይ በኩል እየሮጡ መጡና ሰው ሁሉ ወደ ጉብታው እንዲወጣ አዘዙ። ድምፁ የተሰማን ጉብታው ላይ ሆነን ነው። ውሃው ግንቡን ዘለለ፤ የቦዩን ድፍን ጠረገ፤ ቦዩን ሞልቶ ቡናማ ሆኖ መጣ። የሺ ሕፃኗን ጨምቃ ይዛ ቤቷን ታያለች። እኔም ያንኑ ቤት ነበር የማየው። ዳርቻው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ውሃው አንድ አፍታ ያመነታ መሰለና ወደ አያ ፈንታው ማሳ ታጠፈ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። የተረፈው መንደሩ ደርሶ ሦስት ቤት ውስጥ እስከ ጉልበት ገባ፤ ዶሮዎችና አንድ አህያ ወሰደ። ሰው አልሞተም። በማግስቱ ማሳቸውን አየነው። ጠጠር፣ ድንጋይ፣ ከደጋ የመጣ ግንድ፤ ጥቁር አፈሩ ተልጦ ሄዷል። እትዬ ማሚቴ መጥተው አዩና ተመለሱ። ውሃውን የተቀበለው አሮጌው ገደል ደግሞ ሰፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድና አንድ ቁራጭ ግጦሽ በልቷል። ይህን እኔም፣ መሐንዲሱም፣ አያ ፈንታውም አላሰብነውም ነበር። ጭራሽ ምንም የማይጎዳ መከላከያ እስከ ዛሬ አላየሁም።

በጥቅምት የውሃ አባት ምርጫ ሆነ። ሞገስ የሚባል ጎልማሳ ተመረጠ፤ ሠራተኛ ሰው ነው፤ በምርጫው ያልተስማማ የለም። አያ ፈንታው ከሾላው ጥላ ውጭ፣ ከቦዩ ተራ ከሌላቸው ሰዎች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ሰሞን የብረቱ በር መጥቶ ተገጥሞ ነበር። ከመንደሩ የመጣ አንድ ሰው ተነሣና፣ ደራሹ እንደተፈራው አልሆነም፤ ሦስት ቤትና አንድ አህያ ነው የነካው፤ ለዚህ ተብሎ ያን የመሰለ መሬት ተበላሸ፤ አሁን በር ስላለን ማፋሰሻው ይደፈንና መሬቱ ተስተካክሎ በዕጣ ይከፋፈል አለ። ሌሎችም ደገፉት። አብዛኞቹ ቤታቸው ከቦዩ ሥር ነው።

ደሜ ፈላ። የመጣው ውሃ ትንሽ የመሰላቸው ትልቁ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ስለሄደ መሆኑን ልነግራቸው ተነሣሁ። አማን በትሕትና፣ አንተም ከቦዩ አታጠጣምና ቁጭ በል አለኝ። አያ ፈንታውን አየኋቸው። ሕጉ እሳቸውንም ይይዛቸዋል፤ አፋቸውን አልከፈቱም።

አሚና ከኋላ ተነሣች። ያቺ ሴት በስብሰባ ላይ ስትናገር የሰማ አልነበረም።

«ያ ውሃ በእኔ ማሳ ሊሄድ ነበር» አለች። «ሁላችሁም እኔን እያያችሁ ዝም አላችሁ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ መሬቴም ተራዬም አለኝ፤ እናገራለሁ። የብረቱን በር የሚዘጋው ሰው ነው። በሃምሳ ስምንት ሰው ታሞ ነው አሥራ አንድ ነፍስ የሄደው። ሞገስ አይታመምም? ወላሂ፣ እኔ እያለሁ ይኼ ማፋሰሻ አይደፈንም።»

ተቀመጠች። ሞገስ ራሱ መጀመሪያ እጁን አወጣ፤ ሌላውም ቀስ በቀስ ተከተለ። በጥቂት ሰው ብልጫ ማፋሰሻው እንዲቆይ ተወሰነ።

ከስብሰባው በኋላ ከአያ ፈንታው ጋር ወደ መንደሩ ወረድን። የየሺ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ቆጭቷቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ነውር መሆኑን የተረዳሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሳቸው ግን አልተቀየሙም።

«ሁልጊዜ ይቆጨኛል» አሉ። «ያን ደረቅ መሬት ሳርስ ይቆጨኛል። ማሚቴ ሽንኩርት ከገበያ ገዝታ ስትመጣ ይቆጨኛል። የዛሬው ደግሞ፣ የምለው እያለኝ ዝም ብዬ መቀመጤ፣ አንገበገበኝ።»

የሺ ድምፃችንን ሰምታ ወጣችና ሕፃኗን አቀበለቻቸው። ታቀፉት።

«ሲቆጨኝ እዚህ እመጣለሁ» አሉ። «መጥቼ ለየሺ እነግራታለሁ። የምነግራት አለችኝ።»